እናገራለሁ፤ ግን አልምልም

ፍርድ_ቤት_ደጅ | ኅዳር 26፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ናችሁ? እዚህ ቤት «ያለ ሃይማኖት ጨዋነት ይኖራል ወይ» የሚለው ክርክር በየወሩ ይነሣል። እኔም አንብቤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ያስጀመሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

ሥራዬ ራፖር መጻፍ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሉት የወረዳ ፍርድ ቤቶች የአንዱ ደጃፍ ላይ፣ ላስቲክ ወጥሬ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕና መብራት ሲኖር የምትሠራ አንዲት ፕሪንተር ይዤ እቀመጣለሁ። ሰሞኑን ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ፊደል ስስት ነው የማረፍደው። ከደንበኞቼ አብዛኛው ገበሬ ነው። ጉዳዩም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ድንበር ገፋብኝ።

ለከተማ ልጆች ላስረዳ። ማንም በአንድ ቀን የሰው መሬት አይወስድም። በሬው ሲዞር አንድ ትልም ወደዚያ ያልፋል። በዓመቱ ሌላ አንድ ትልም። ባለመሬቱ የሚነቃው ድንበር ላይ የነበረው ድንጋይ የጎረቤቱ ማሳ መሀል ገብቶ ሲያገኘው ነው።

ከትናንት ወዲያ አንድ ደንበኛዬ ሦስት ምስክር ይዞ መጣ። ሦስተኛው ስድሳን ያለፉ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ማተባቸው ከሩቅ የሚታይ፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ ሰው ናቸው። እንደ ልማዴ ጠየቅኋቸው።

«ድንበሩን ያውቁታል፣ አባቴ?»

«እሱ እንዳለው ነው።»

«አይ፣ እርስዎ አይተዋል ወይ?»

«ጎረቤቴ እኮ ነው።»

ይኼ በኛ አገር ቋንቋ «አላየሁም» ማለት ነው። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ገብተን ያስምሉናል እንዴ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲያው እኔ ይቅርብኝ። እናገራለሁ፤ ግን አልምልም።»

ደንበኛዬ ጦፈ። «ምን ልዩነት አለው?» አለ። እሳቸው ረጋ ብለው «መናገሩ ላንተ ነው። መሐላው ግን ልጆቼ ላይ ነው የሚያርፈው» አሉት።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እኚህ ሰው በውሸት የሰው መሬት ማስነጠቅ አልከበዳቸውም። የእግዜርን ስም ጠርቶ መዋሸት ግን ከበዳቸው። ሃይማኖታቸው ከክፋት ጠበቃቸው ወይስ አልጠበቃቸውም?

---

ጠባሴ_ልጅ | ከምሽቱ 2፡52

ሃሃሃ ሽማግሌው ሕግ ያጠኑ ይመስለኛል።

---

የአብነት_ተማሪ | ከምሽቱ 3፡20

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላጥራ። «ሃይማኖት ባይኖር ሰው ክፉና ደጉን አያውቅም ነበር» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይኼ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ከአዳም እስከ ሙሴ ያለውን ዘመን አባቶቻችን ዘመነ ሕገ ልቡና ነው የሚሉት። ጽላት አልተሰጠም። «አትግደል» የሚል አልተጻፈም። ቃየን ግን ወንድሙን ገድሎ ሲጠየቅ ካደ። «የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?» አለ። ጥፋት መሆኑን ካላወቀ ለምን ይክዳል? ዮሴፍም የጲጥፋራን ሚስት እምቢ ሲል ዐሥርቱ ትእዛዛት ገና አልወረዱም። ቅዱስ ጳውሎስም ሮሜ 2 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ ይናገራል።

ታዲያ ሕገ ኦሪት ለምን መጣ? ሕገ ወንጌልስ? ልቡና ስለሚዝግ ነው። ማረሻ ክረምቱን ሳይሠራበት ሲቀር እንደሚዝገው ማለት ነው። ሃይማኖት ብረቱን አልፈጠረውም፤ ይስለዋል።

ስለ ሽማግሌው ደግሞ ማቴዎስ 5ን ያንብቡ። ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ነው ያለው። በክርስቲያን ዘንድ የማለበት ቃልና ያልማለበት ቃል ተብሎ ልዩነት መኖር አልነበረበትም። እሳቸው ሁለት ዓይነት አፍ አላቸው። ወንጌሉ አንድ አፍ ነው ያዘዘው።

---

ብርድ_የለመደች | ከምሽቱ 3፡41

ደብረ ብርሃን ተማሪ ነኝ። ሃይማኖተኛ አይደለሁም። ቤተሰቦቼ ይኼን አያውቁም፤ ስለዚህ ስሜን አትጠይቁኝ።

የሽማግሌው ነገር እኔን አላስገረመኝም። ቅጣት ፈርቶ የተወ ሰው ደግ አይባልም። ካሜራ አይቶ እጁን የሰበሰበ ሌባ ያው ሌባ ነው። ልዩነቱ የሳቸው ካሜራ ሰማይ ላይ መሰቀሉ ነው። እሱም ቢሆን የሚቀዳው መሐላ ሲኖር ብቻ ነው ብለው ያምናሉ ማለት ነው።

ደግሞ ፍርድ_ቤት_ደጅ፣ ስምህን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፕላቶ ካቆየልን የሶቅራጥስ ንግግሮች አንዱ የሚካሄደው ፍርድ ቤት ደጅ ነው! ሶቅራጥስ ራሱ ተከሶ መጥቷል። ኤውቲፍሮን የሚባል ሰው ደግሞ የገዛ አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ መጥቷል። «እንዴት አባትህን?» ሲባል «አማልክት የሚወዱት ይኼን ነው፤ እኔ ጽድቅን አሳምሬ አውቃለሁ» ይላል። ሶቅራጥስም አንድ ጥያቄ ወረወረለት። መልካም ነገር መልካም የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው? ወይስ መልካም ስለሆነ ነው የወደዱት?

እስቲ መልሱልኝ። እግዚአብሔር «ድንበር መግፋት ጽድቅ ነው» ቢል ኖሮ ጽድቅ ይሆን ነበር? «አይ፣ እንዲያማ አይልም» ካላችሁ፣ ከትእዛዙ በፊት መልካም የሚባል ነገር እንዳለ አመናችሁ።

እኔ እስካሁን የማንንም ድንበር አልገፋሁም። እርግጥ መሬትም የለኝ።

---

የአብነት_ተማሪ | ከምሽቱ 3፡58

እህቴ፣ ጥያቄው የተነሣው ለግሪክ አማልክት ነው። እነሱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል። በኛ ዘንድ ግን መልካምነት ከእግዚአብሔር ውጭ የቆመ ነገር አይደለም፤ የራሱ ባሕርይ ነው። ስለዚህ «ቢል ኖሮ» የሚለው አይነሣም። ውኃ ደረቅ ቢሆን ኖሮ እንደማለት ነው።

---

ብርድ_የለመደች | ከምሽቱ 4፡03

እሺ። ግን ባሕርዩ መልካም መሆኑን በምን ለካኸው? መለኪያው አስቀድሞ እጅህ ላይ ካልነበረ «መልካም» ማለትህ «እሱ እሱ ነው» ከማለት በምን ይለያል?

---

የአብነት_ተማሪ | ከምሽቱ 4፡10

ሕገ ልቡና ያልኩት እሱን ነው እኮ። መለኪያውን ልብሽ ውስጥ ያስቀመጠው ማን ነው እንላለን። አንቺ እዚያ ጋ ትቆሚያለሽ፤ እኔ አንድ እርምጃ እቀጥላለሁ።

---

ጠባሴ_ልጅ | ከምሽቱ 4፡12

ሁለታችሁም ተኙ፤ ነገ ፈተና አለ።

---

ሮቢት_ጥላ | ኅዳር 27፣ ከጠዋቱ 1፡15

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላም ለሁላችሁም።

እኔ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እነግዳለሁ። መሐላን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በቀን መቶ ጊዜ እሰማለሁ። «ወላሂ በዚህ ነው የገዛሁት»፣ «ሚካኤልን ትርፍ የለኝም»። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ነን እዚህ ላይ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መሐላ ዕቃውን ያሸጣል፣ በረካውን ግን ያጠፋል የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግረዋል። ይኼን ሐዲስ የማያውቅ ነጋዴ የለም። የሚምለውም እሱ ነው።

ግን ስለ ሽማግሌው እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። በኛ ትምህርት ሁለት ዓይነት ዕዳ አለ። አንዱ የአላህ ሐቅ ነው። ሶላት ብታስታጉል፣ ጾም ብትገድፍ፣ በአንተና በሱ መካከል ነው፤ ተውበት አድርገህ ትለምነዋለህ። ሌላው የሰው ሐቅ ነው። የሰው ትልም ከወሰድክ አላህን ብትለምነው አይበቃም። ባለሐቁ ራሱ ይቅር ማለት አለበት። ሽማግሌው የፈሩት የመጀመሪያውን ዕዳ ነው። የሁለተኛውን አልፈሩም። ከባዱ ግን ሁለተኛው ነው።

ይኼን ቃል ክርስቲያን ጎረቤቶቼም ይሉታል፤ «የሰው ሐቅ አትብላ» ይላሉ። ቃሉ ከየት ይምጣ ከየት ግድ አይሰጣቸውም።

---

የአብነት_ተማሪ | ከጠዋቱ 2፡30

ሮቢት፣ እጅህን ልሳመው። በኛም ዘኬዎስ «ንስሐ ገባሁ» ብሎ ብቻ አልሄደም። ያታለልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ንስሐ አባት ሰጊድና ጾም ሲሰጥ የሰውየው በግ ሳይመለስ ከቀረ ቀኖናው ጎዶሎ ነው። ይኼን የሚያስተምሩም አሉ፤ የሚያልፉትም አሉ። ስም አልጠራም።

---

መምህር_በጡረታ | ከጠዋቱ 4፡05

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ግብረ ገብ ተምሬያለሁ፣ ግብረ ገብ አስተምሬያለሁ፤ ኋላ «የዜግነትና የሥነ ምግባር ትምህርት» ሲባልም አስተምሬያለሁ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ የሚለው ስም ለታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ስሙ ሦስት ጊዜ ሲዞር የተማሪዎቼ ኩረጃ አልቀነሰም። ይኼን በቀልድ ውሰዱት።

ቁም ነገሩ ግን ቋንቋችን ውስጥ ነው ያለው። አማርኛ ለመጥፎ ሥራ ቢያንስ አራት ስም አለው። ወንጀል፤ ዳኛ ይቀጣበታል። ኃጢአት፤ ፈጣሪ ይቀጣበታል። ነውር፤ ጎረቤት ይቀጣበታል። ግፍ፤ ይኼን ማን እንደሚቀጣበት አይታወቅም፣ ግን የትም አይቀርም፣ ይደርሳል። አራቱ አይገጣጠሙም። አርብ ወተት መጠጣት ኃጢአት ነው፤ ወንጀል አይደለም። በሰው ፊት እያላመጡ ማውራት ነውር ነው፤ ኃጢአት አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ መብላትስ? ወንጀልም ነው፣ ኃጢአትም ነው። ነውር ግን አልሆነም። እንዲያውም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ተርተንበታል። ይኼን ተረት የተረተው ሕዝብ ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾም ሕዝብ ነው። ሃይማኖታችን ከለከለ፣ ሕጋችን ከለከለ፣ ይሉኝታችን ግን ፈቀደ። ያሸነፈው ይሉኝታ ነው።

ሽማግሌው ላይ የምታዩት ያንን ነው። ለጎረቤት አለመመስከር ነውር ነው። በሐሰት መማል ኃጢአት ነው። ሁለቱ መሀል ተይዘው የተገኘችውን ቀዳዳ ፈለጉ። እኔ አልስቅባቸውም።

ይሉኝታ ደግሞ አንድ ጉድ አለበት። አውቶቡስ አይሳፈርም። መንዝ ላይ ጨዋ የነበረው ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ ይሉኝታውን መናኸሪያ ጥሎት ይሄዳል፤ «ምን ይሉኝ» የሚላቸው ሰዎች እዚያ የሉማ። ያን ጊዜ ነው ፈሪሃ እግዚአብሔርና ኅሊና የሚፈተኑት።

አንድ ጥናት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ነው። ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች አሜሪካ ፕሪንስተን ውስጥ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተኑ። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር! መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ወድቆ እያሳለ እንዲቃትት አደረጉ። የቆመው ማን ሆነ? «አርፍደሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ከአሥሩ አንድ ብቻ። ጊዜ ካላቸው ከአሥሩ ስድስት ያህሉ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ መሄዱ ይኼ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ለውጡን ያመጣው ጥድፊያው ነው።

ወንጌሉም ይኼን ያውቃል። በምሳሌው ቁስለኛውን አልፈው የሄዱት ካህኑና ሌዋዊው ናቸው። የቆመው አይሁድ «ሃይማኖቱ የተበላሸ» የሚሉት ሳምራዊ ነው።

---

ብርድ_የለመደች | ከጠዋቱ 4፡31

ጋሼ፣ ለምን የኛ መምህር አልሆኑም! እኔም አንድ ልጨምር። እንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህራን ሻይ ቀድተው ገንዘቡን ራሳቸው ሣጥን ውስጥ የሚጥሉበት ቦታ ነበር። ከዋጋው ዝርዝር በላይ አንድ ሳምንት የአበባ ሥዕል፣ አንድ ሳምንት የሰው ዓይን ሥዕል ለጠፉበት። ዓይኑ በተለጠፈበት ሳምንት ሦስት እጥፍ ገደማ ተከፈለ። 2006 ላይ ነው የወጣው፣ በፈረንጅ። ኋላ የደገሙት ተመራማሪዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ ብዙ አልደገፍበትም። ግን እኔን ያስታወሰኝ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን ነው የሚሣሉት፤ ፊት ለፊት ያዩሃል። ክፉዎቹ በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። ልጅ ሆኜ ከቅዱሳኑ ነበር የምደበቀው፤ ከክፉዎቹ አልነበረም።

---

የጓሳ_ሰው | ከቀኑ 8፡20

እኔ ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ። መንዝ።

ጓሳን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ ነው። እኛ ግን የምናውቀው በሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ይኼ ሣር ተጠብቆ የኖረው ለ400 ዓመት ያህል እንደሆነ ይነገራል፤ በፖሊስ አይደለም። አባቶች መርጠው የሾሙት አለቃ ነበር። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ ሲደርስ «ተከፍቷል» ይባላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። ነገሩ ከአጥቢያውና ከበዓላቱ ጋር የተሳሰረ ነበር። የሰረቀ የሚጠብቀው ቅጣት ቀላል አልነበረም።

አሁን ልብ በሉ። የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ መጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ፣ የጥንቱ ባለርስትነት ቀረ። ከሱ ጋር የጓሳው ሥርዓትም ፈረሰ። ሰው ያገኘውን አጨደ፣ ያገኘበት አሰማራ። ታቦቱ ግን ከቦታው አልተነሣም። ቄሱ አልሄዱም። ጾሙ ያው ጾም፣ ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነው። እምነቱ ሳይነካ ምግባሩ በጥቂት ዓመት ተቀየረ።

ስለዚህ «ሃይማኖት ነው ሰውን ጨዋ ያደረገው» ስትሉኝ እጠራጠራለሁ። «ሃይማኖት ምንም አላደረገም» ስትሉኝም እጠራጠራለሁ። ሥርዓቱ የቆመው በበዓል፣ በአጥቢያ፣ በአባቶች ቃል ነበር። ምሰሶና ማገር ናቸው። ማገሩ ሲነቀል ምሰሶው ብቻውን ቤት አይሆንም። ኋላ ማኅበረሰቡ አዲስ መተዳደሪያ አውጥቶ ጓሳውን መልሶ መጠበቅ ጀምሯል። ያንን ያቆመው ደንብና ኮሚቴ ነው፤ ግን የአባቶቻችን ነው ባይባል ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር?

---

አንኮበር_ቁልቁለት | ከምሽቱ 1፡10

ጥሩ ጥሩውን ብቻ አናውራ እንጂ። ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ አልዩ አምባ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ ትልቅ የሲራራ ገበያ ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ። ሰውም። በዚያ ንግድ ሻጭም ሆነ ገዢ፣ ጸሎቱን የሚያደርስ ሰው ነበር። ይኼን የምለው አንዱን ወገን ለመስደብ አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ነው የምለው።

የሚያናድደኝ ፍትሐ ነገሥቱ ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ ነው ይላል። በግልጽ! ከዚያ ቀጥሎ ግን ጦርነት አንዱን ለሌላው ተገዢ ያደርጋል ብሎ ባርነትን ደንብ ያወጣለታል። አባቶቻችን አውቀውት ነበር ማለት ነው። ሕገ ልቡናው ተጽፎ፣ ተነቦ፣ ተተርጉሞ፣ ማታ ባሪያው እግር ያጥባል። ባርነትን በሕግ የከለከለው የ1934ቱ አዋጅ ነው። ስብከት አይደለም።

---

ሰላድንጋይ_ማዶ | ከምሽቱ 1፡35

አንኮበር፣ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። እንግሊዝ አገር ባርነትን ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖችና የፓርላማ አባሉ ዊልበርፎርስ ከእምነታቸው ተነሥተው ነው። ያው መጽሐፍ ነው ሁለቱም እጅ ላይ የነበረው።

---

አንኮበር_ቁልቁለት | ከምሽቱ 1፡39

እኔም የምለው እሱን ነው። ያው መጽሐፍ ሁለቱንም ካስደረገ የለየው ሌላ ነገር ነው።

---

አስተባባሪ | ከምሽቱ 2፡02

ሁለት መልስ አንሥቻለሁ። የሌላውን እምነት እየሰደቡ ስለ ሥነ ምግባር ማስተማር እዚህ ቤት አይቻልም። ቀጥሉ።

---

የአረቄ_ልጅ | ከምሽቱ 3፡25

እኔ ጥናትም ሆነ ግሪክ አላውቅም። እናቴ ደብረ ብርሃን አረቄ አውጥታ ነው አምስታችንን ያሳደገችን። ጾም በደንብ አትጾምም ነበር፤ ጠዋት የወጣውን መቅመስ ሥራዋ ነው። ንስሐ አባቷ ሲቆጧት «አባ፣ ሳልቀምስ ብሸጥ ሰው እመርዛለሁ» ትላቸው ነበር። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ውኃ ጨመረበት። ለገና ልብስ የሚሆን ብር ሊያተርፍልን ነው። እሷ እሳት ላይ ጠብ ስታደርግ አረቄው አልነደደም። ሙሉውን ጀሪካን ደጅ ደፋችው። ልብስ ሳንገዛ ገና አለፈ። «እግዜር ያያል» አላለችም። «ሰካራምም ቢሆን ሰው ነው» ነበር ያለችው። ይኼ ሃይማኖት ይሁን ሌላ ነገር እናንተ ወስኑ።

ግን ወንድሜ ፍርድ_ቤት_ደጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ሽማግሌውን ይመዝናል። እኔ አንተን ልጠይቅ። «ጎረቤቴ ነው» ሲሉ «አላየሁም» ማለታቸው እንደሆነ ገብቶሃል። ራስህ ጽፈኸዋል። ታዲያ ስማቸውን ምስክር ብለህ ጻፍክ ወይስ አልጻፍክም? ሒሳቡንስ ተቀበልክ?

---

ጠባሴ_ልጅ | ከምሽቱ 3፡27

ውይ።

---

ሮቢት_ጥላ | ከምሽቱ 3፡50

ይመልስ።

---

ፍርድ_ቤት_ደጅ | ኅዳር 28፣ ከምሽቱ 4፡15

ቀኑን ሙሉ ላልመልስ አስቤ ነበር።

አዎ፣ ጽፌያለሁ። ሒሳቡንም ተቀብያለሁ። ሽማግሌው «ይቅርብኝ» ብለው ሲሄዱ ደንበኛዬ «ግድ የለም ጻፋቸው፣ ማታ አሳምናቸዋለሁ» አለኝ። ጻፍኩ። እህቴ፣ እንደ ሰበብ አትይብኝና፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ባለጉዳዩ የነገረኝን በሕግ ቋንቋ አሳምሬ ማስቀመጥ ነው ሥራዬ። እውነቱን የሚያጣራው ችሎቱ ነው። ሐሰተኛ ምስክር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቀጣል፤ ያ የምስክሩ ጉዳይ ነው። እኔ የምፈርመው የለም።

---

ጠባሴ_ልጅ | ከምሽቱ 4፡17

«እጽፋለሁ፤ ግን አልምልም» በለና።

---

መምህር_በጡረታ | ከምሽቱ 4፡40

አይ ጠባሴ! ልጄ፣ ፍርድ ቤት፣ አትቀየም። እኔም ሠላሳ ዓመት ስንቱን ኮራጅ «አላየሁም» ብዬ አሳልፌያለሁ። ወላጁን አውቀዋለሁ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። እሑድ እሑድ ግን ቅዳሴ አላጓድልም ነበር።

---

ብርድ_የለመደች | ከምሽቱ 4፡52

እኔም ከኮራጆቹ አንዷ ነኝ፣ ጋሼ። ሃይማኖት የለኝም ብዬ አላመካኝ።

---

ፍርድ_ቤት_ደጅ | ታኅሣሥ 9፣ ከቀኑ 10፡30

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ቀጠሮው ትናንት ነበር። ሁለቱ ምስክሮች ቀረቡ፣ ማሉ፣ ተናገሩ። ሽማግሌው አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው። ባለቤታቸው «ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ገብቷል፣ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም» አሉ። ደንበኛዬ እንደሚለው ሰውየው ምንም አላመማቸውም።

ዛሬ ጠዋት ደንበኛዬ ተመልሶ መጣ። በሳቸው ምትክ ሌላ ሰው አስመዝግብልኝ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ አለ። ሰውየው አብሮት ቆሟል። ሠላሳ የማይሞላው ጎረምሳ ነው። የተጣሉበት ድንበር ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ነገር ነው።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከዚያ «ድንበሩን አይቶታል?» አልኩ።

ደንበኛዬ አየኝ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዳኛ የሆንከው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ጎረምሳው መሬት መሬት ያያል። ደንበኛዬ ወረቀቶቹን ከጠረጴዛዬ ላይ ሰብስቦ አነሣና ሁለት ወንበር አልፎ እዚያ ካለው ራፖር ጸሐፊ ጋ ተቀመጠ። የሱ ፕሪንተር ከኔዋ ፈጣን ናት። ወረቀቱ ሲወጣ እዚህ ድረስ ይሰማል።